አራት ስም የነበረው ሰው

በኢትዮጵያ መንገደኛ በመንገድ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ባገኘ ጊዜ፥ ሰላምታ ከሰጠው በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። «ማን ትባላለህ? የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ይለዋል። ልጁም የራሱን ስም፥ የአባቱን ስም፥ የመንደሩንም ስም ይናገራል። መንገደኛው ይህን በሰማ ጊዜ ልጁን ያወቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ልጁ የተናገረው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ከሦስቱም አንዱን ስንኳ ራሱ አልመረጠውም። ስሙን ያወጡለት ሌሎች ናቸው፤ አባቱን አልመረጠም፤ በየትኛው አገር መወለድ እንደሚወድም ማንም አልጠየቀውም። እንግዲህ ሰውን እርሱ ራሱ የሚያሰኘው ነገር ምንድር ነው? ከሌሎች የተቀበለው ነውን? ወይስ ራሱ የሠራው? ይህን ነገር ለማስተዋል፥ ስሙና አባቱ አገሩም የተወሰዱበትን የአንድ ሰው ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን አስቀድሞ ሰው ራሱን ማወቅ እንዴት እንደሚጀምር መመልከት ይገባል።

ሰው ሲወለድ ማን እንደ ሆነ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃኑን መስታወት ቢያሳዩት፥ በመስታወቱ ውስጥ ያለው መልክ ሌላ ሕፃን ይመስለውና ይስቅለታል፤ እጁንም ይዘረጋለታል። ሊቃውንት ይህን ሲመረምሩ ሕፃኑ ሳያውቅ በአፍንጫው ላይ ጥቂት ቀለም ይቀቡና ወደ መስታወት ያቀርቡታል። ገና አንድ ዓመት የሆነው ሕፃን በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሕፃን ይመለከታል እንጂ እጁን ወደ አፍንጫው አይሰድድም። ዓመት ተመንፈቅ ካለፋቸው በኋላ ግን ብዙዎቹ ሕፃናት የገዛ አፍንጫቸውን ይነካሉ። ያን ጊዜ «ይህ እኔ ነኝ» ብለው ማወቅ ጀመሩ ማለት ነው።

ከዚህም የሚታየው፥ ሰው ራሱን የሚያውቀው በአንድ ቀን ሳይሆን ጥቂት በጥቂት መሆኑ ነው። ይህንም የሚማረው ብቻውን ሆኖ አይደለም። ሕፃኑ ስሙን መናገር ከመጀመሩ በፊት እናቱ ስንት ጊዜ ጠርታዋለች! የመጀመሪያዎቹንም ሁለት ወይም ሦስት ዓመቶች ሰው ካደገ በኋላ አያስታውሳቸውም። «ሕፃን ሳለህ ወደ ምድጃው እየዳኽህ ሄደህ እጅህ ተቃጠለ፤ ጠባሳህም የዚያ ነው» ብለው የሚነግሩት እናቱና አያቱ ናቸው። እንዲህ ከሆነ የሰው ታሪክ መጀመሪያው ክፍል ተጠብቆ የሚቆየው በሌሎች ሰዎች ልብ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ሰውን የሚሠራው ደሙ ነው፤ ከአባቱና ከእናቱ ከወረሰው በቀር ሌላ ነገር የለውም» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ልጅ የአባቱን ዓይን፥ የእናቱን ድምፅ ይወርሳል። ዳሩ ግን አንድ የነበረው ፅንስ ለሁለት ተከፍሎ የሚወለዱ መንትዮች አሉ። እነዚህ ከወላጆቻቸው የወረሱት ነገር አንድ ነው፤ መልካቸውም ስለሚመሳሰል ጎረቤት ይቅርና ዘመድ ሊለያቸው ይቸገራል። ሆኖም የጣታቸው አሻራ አንድ አይደለም፤ ጠባያቸውም በሁሉ ነገር አንድ አይሆንም። አንደኛው ዝምተኛ፥ ሁለተኛው ተጫዋች ሆኖ ሊያድግ ይችላል። እያንዳንዳቸውም ራሳቸውን «እኔ» ይላሉ እንጂ አንዱ ስለ ሌላው «እኔ» አይልም። ስለዚህ ደምና መልክ ለሰው እንደ መሠረት ናቸው፤ ነገር ግን ቤት በመሠረት ብቻ አይፈጸምም።

ከመልክ ቀጥሎ ልጅ የሚቀበለው ስም ነው። በብዙው የኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ በአባቱ ስም ይጠራል። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም ትታ በባሏ ስም አትጠራም። ስሙም ትርጓሜ አለው። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች በኋላ የተወለደላቸውን ካሣ ወይም ምትኩ ይሉታል፤ ኀዘናቸውን እንዲያስረሳቸው የተመኙ እንደ ሆነ ማስረሻ ይሉታል። እንዲህ ሆኖ ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ የወላጆቹን ኀዘንና ተስፋ በስሙ ተሸክሞ ይኖራል።

አሁን የተባለውን ታሪክ መናገር ይገባል። በታሪኩ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር አገር በሁሩሙ አጠገብ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹም ኦሮሞች ነበሩና ስሙን ሂካ አሉት። ሂካ ማለት በኦሮምኛ የሚፈታ፥ የሚተረጉም ማለት ነው። በአማርኛ «መፍታት» የሚለው ቃል ለታሰረ ገመድም፥ ምሥጢሩ ላልታወቀ ቃልም እንደሚነገር፥ በኦሮምኛም እንዲሁ ነው። ሂካ የሚለው የልጁ የመጀመሪያ ስም ነው፤ ያገኘውም ከአባትና ከእናት ነው።

አባቱ ገና ልጅ ሳለ ሞተበት። በልጅነቱም ባሪያ ፈንጋዮች ከዘመዶቹ ነጥቀው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ባሪያ ፈንጋዮች ልጆችን እየሰረቁ ለነጋዴ ይሸጡ ነበር፤ ነጋዴም ለሌላ ነጋዴ እየሸጠ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ ያወርዳቸው ነበር። ሂካም በስምንት ጌቶች እጅ እንዳለፈ በኋላ ራሱ ጽፎአል። በዚህም በባርነቱ ዘመን ነሲብ የሚል ስም መጣበት፤ ይህም በዓረብኛ ዕጣ፥ ድርሻ ማለት ነው። ሁለተኛ ስሙ ይህ ነው፤ ያገኘውም በግፍ ነው። ይህ ክፉ ንግድ በኢትዮጵያ በ1942 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሎአል።

ሰውን የሚገዛ ሰው ስለ ምን ስሙን ይለውጥበታል? የወላጅ ስም ልጁ የሰው ልጅ መሆኑን፥ የምታለቅስለትም እናት እንዳለችው ያሳስባልና ነው። ስሙ ከተለወጠ በኋላ ግን ዘመድ በስሙ እየጠራ ቢፈልገው አያገኘውም። ሂካ ከገበያ ወደ ገበያ በተወሰደ ቁጥር የሚሰማው ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። የሚበላው፥ የሚለብሰውም ሌላ ሰው የሰጠውን ነው። ያን ጊዜ መንገደኛ አግኝቶት «ማን ትባላለህ? የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ፥ ምን ብሎ ይመልስ ነበር? ስሙ የጌታው ቃል ነው፤ አባቱ ሞቶአል፤ አገሩም ከብዙ ተራራ በስተኋላ ቀርቶአል።

በ1870 ዓ.ም. ምጽዋ በደረሰ ጊዜ ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣው፤ እንዲያስተምሩትም በዚያ ለነበሩት ለስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። ልጁም ለትምህርት ትጉህ ሆኖ ተገኘ። በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ይገኛል። በዚያ የተጠቀሰው አናሲሞስ ባሪያ ነበር፤ ስሙም በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። እንግዲህ ሦስተኛ ስሙ ይህ ነው፤ ያገኘውም ከአስተማሪዎቹ ነው።

እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሰው ነጻ ከወጣ በኋላ የባርነት ስሙን አልጣለውም። እስከ ዛሬ ድረስ አናሲሞስ ነሲብ ተብሎ ይጠራል። ሌላ ሰው የአባቱን ስም በሚጠራበት ስፍራ፥ ነሲብ የሚለው ስም ቆሞአል። ነገር ግን ስሙ እንደ ፊተኛው አልቀረም። በፊት ነሲብ ተብሎ የተጠራው የሚሸጥ ልጅ ነበረ፤ ኋላ ግን በዚያው ስም የተጠራው መምህር ነው። ፊደሉ ሳይለወጥ የስሙ ክብር ተለወጠ፤ የለወጠውም የተሸካሚው ሥራ ነው።

አናሲሞስ ወደ ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ያህል ተማረ። ከዚያም በ1881 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ተመለሰና ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። ማንበብና መጻፍ ተምሮአል፤ ሚስትም አግብቶአል፤ በምጽዋ በሰላም ሊቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን የተወለደበትን ሕዝብ ሊያስተምር ወደደ። መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር በሱዳን በኩል ሊገባ ሞከረ፤ ነገር ግን መንገዱ ስላልተከፈተላቸው በ1882 ዓ.ም. ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁለተኛ ጊዜም ተነሥተው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያም ማለፍ አልተፈቀደላቸውምና ተመለሱ። አገሩን በእግሩ ሊደርስባት ባይችል፥ ምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በሚባለው ስፍራ ተቀምጦ በኦሮምኛ መጽሐፍ መተርጐም ጀመረ።

ያን ጊዜ ግን አንድ ጭንቅ አገኘው። የእናቱ ቋንቋ ጎደለበት። ከሕዝቡ የተለየው በልጅነቱ ነበርና፥ ከዚያ ወዲህም የኖረው በሌላ ቋንቋ ነውና። ልጅ የሚያውቀው የወተትን፥ የጥጃን፥ የእሳትን፥ የጨዋታን ስም ነው። ሽማግሌዎች በዳኝነት የሚናገሩትን፥ አልቃሾች በልቅሶ፥ ገበሬዎች በእርሻ የሚናገሩትን ቃል ሁሉ የሚያውቀው በመካከላቸው ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ አናሲሞስ የገዛ ቋንቋውን እንደ ገና ከሌላ ሰው መማር አስፈለገው።

የረዳችው አንዲት ወጣት ናት፤ ስምዋም አስቴር ጋኖ ይባላል። እርስዋም በ1872 ዓ.ም. ገደማ የተወለደች ኦሮሞ ናት። እንደ እርሱ በባርነት ተይዛ በመርከብ ወደ የመን ስትወሰድ፥ ጣልያኖች አስጥለው በ1886 ዓ.ም. ወደ ምኩሉ ትምህርት ቤት አመጡአት። አስቴር በቋንቋዋ እጅግ የበለጸገች ነበረች። ለመዝገበ ቃላት 15,000 ያህል ቃል ሰበሰበች፤ ከልጅነትዋ ጀምሮ የሰማችውንም ተረትና ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን 500 ያህል ጻፈች። ባሪያ ፈንጋዮች ከቤትዋ ሲወስዱአት ልብስዋንና ዘመዶችዋን አስጣሉአት፤ በልብዋ ያለውን ተረት ግን ማንም ሊያስጥላት አልቻለም።

በሁለቱ ሥራና በሌሎችም ረዳትነት ሐዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 ዓ.ም. ታተመ። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ አናሲሞስና አስቴር ማንበብ ለሚማሩ ልጆች በኦሮምኛ የመጀመሪያ ማስተማሪያ መጽሐፍ አወጡ፤ በዚያም ውስጥ አስቴር ከሰበሰበችው ተረትና ምሳሌ ብዙው ገባበት። በ1899 ዓ.ም. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በኦሮምኛ ተጽፎ በስዊስ አገር ታተመ። እንዲህም ሆኖ ወላጆቹ «የሚተረጉም» ብለው ስም ያወጡለት ልጅ በእውነት ተርጓሚ ሆነ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይል ይሆናል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ስም ብቻውን መጽሐፍ አይተረጉምም። ሂካ ተብሎ የተጠራ ልጅ ሁሉ ተርጓሚ አልሆነም። ይህ ሰው ስሙን እውነት ያደረገው ብዙ ዓመት ተቀምጦ አንዱን ቃል ከሌላው እያስተያየ፥ የማያውቀውን ሳያፍር እየጠየቀ፥ የሳተውን እያረመ ነው። ስም ተስፋ ነው፤ ተስፋውን የሚፈጽመው ግን የተጠራበት ሰው ነው።

በ1904 ዓ.ም. በመጨረሻ መንገዱ ተከፍቶለት አናሲሞስ ወለጋ ገባ። በምጽዋ ነጻ ከወጣ 34 ዓመት ሆኖት ነበር። አስቴርም ከሄዱት ጋር ነበረች። አናሲሞስ በነቀምት ተቀምጦ ብዙ ክርክር ቢገጥመውም ማስተማሩን አልተወም። በሰኔ ወር በ1931 ዓ.ም. አረፈ። አስቴር ግን እስከ 1964 ዓ.ም. ኖራለች።

በወለጋ ሳለ ሕዝቡ የሚጠራው ሌላ ስም ነበረው። በኦሮሞ ልማድ አባት በልጁ ስም ይጠራል። እርሱም ገመቺስ የሚባል ልጅ ነበረውና አባ ገመቺስ አሉት፤ ይህም የገመቺስ አባት ማለት ነው። ገመቺስ ማለትም ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው። አራተኛ ስሙ ይህ ነው፤ ያገኘውም ከልጁና ከሕዝቡ ነው። በልጅነቱ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የተቸገረው ሰው፥ በሽምግልናው የሚጠራው በአባትነቱ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ነው።

መጀመሪያ፥ ሰው ብቻውን ሆኖ ራሱን አይሠራም። መልኩን ከወላጆቹ፥ ስሙን ከቤተ ሰቡ፥ ቋንቋውን ከጎረቤቶቹ፥ ዕውቀቱንም ከመምህራኑ ይቀበላል። አናሲሞስ የተማረ ሰው ሲሆን፥ የጠፋበትን የእናቱን ቃል ከእርሱ በዕድሜ ከምታንስ ሴት ተማረ። ስለዚህ «እኔ ራሴን በራሴ ያቆምሁ ነኝ» ብሎ የሚመካ ሰው ያሳደጉትን ረስቶአል።

ሁለተኛ፥ ሌላ ሰው ያደረሰብን ግፍ የታሪካችን ክፍል ነው፤ ነገር ግን የታሪካችን መፈጸሚያ ሊሆን አይገባም። አናሲሞስ ባሪያ እንደ ነበረ አልደበቀም፤ ደግሞም ዕድሜውን ሁሉ የነጠቁትን በመርገም አላሳለፈውም። አስቴርም እንዲሁ ናት። የደረሰባቸው ነገር አንድ ሲሆን፥ ከደረሰባቸው በኋላ የሠሩት ሥራ የታወቁበት ሆነ።

ሦስተኛ፥ ሰው በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ልማድ ይሆናል፤ ልማድም ጠባይ ይሆናል። «አመል ያወጣል ከመሀል» እንደሚባለው፥ ጠባይ ሰውን ከባልንጀሮቹ መካከል ለይቶ ያሳየዋል። ዛሬ ጥቂት የሚዋሽ ልጅ ነገ ውሸቱ ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። ዛሬ አንድ ገጽ በትጋት የሚያነብ ልጅ ደግሞ ነገ ሁለት ገጽ ማንበብ አይከብደውም። ማንም «ከዛሬ ጀምሮ ውሸታም ልሁን» ብሎ ውሸታም የሆነ የለም፤ ጥቂት በጥቂት ነው እንጂ።

አራተኛ፥ ሰው ባልንጀራውን በሚጠራበት ቃል መጠንቀቅ አለበት። በትምህርት ቤት ልጆች ትምህርት የዘገየበትን ልጅ «ደንቆሮ»፥ እግሩ የታመመውን «አንካሴ»፥ ከሩቅ አገር የመጣውን «ባላገር» ብለው ሲጠሩት ይሰማል። የሚጠሩት ልጆች ጨዋታ ይመስላቸዋል። የሚጠራው ልጅ ግን ስሙን ዕለት ዕለት ሲሰማው እውነት መስሎት መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል። ክፉ ስም ማውጣት የባሪያ ነጋዴ ሥራ ነው። በወላጆቹ ስም መጥራት ግን እናቱ የተመኘችለትን መመኘት ነው።

አምስተኛ፥ በእናቱ ቋንቋ የሚያፍር ልጅ እንዳይኖር ያስፈልጋል። ሌላ ቋንቋ መማር ዕውቀት ነው፤ አናሲሞስም ብዙ ቋንቋ ተምሮአል። ነገር ግን የእናት ቋንቋ ከጠፋ በኋላ መልሶ ማግኘት እንዴት ያለ ድካም እንደ ሆነ የእርሱ ታሪክ ያስረዳል። ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ተረትዋን ቢሰማ፥ የማያውቀውንም ቃል ቢጠይቃት፥ በትምህርት ቤት የማይሰጥ ትምህርት ያገኛል። አያቱ በሕይወት ሳለች ያልጠየቃትን፥ ከሞተች በኋላ ከማንም አያገኘውም።

እንግዲህ መንገደኛው ያን በመንገድ ዳር ያለውን ልጅ ሦስት ነገር በጠየቀው ጊዜ፥ ልጁ በእውነት መልሶለታል። ስሙን፥ አባቱንና አገሩን መናገሩ ደግ ነው፤ ሰው ከየት እንደ ተነሣ ማወቅ ይገባዋልና። የቀረውን መልስ ግን ልጁ በዚያ ቀን ሊናገረው አይችልም፤ ገና አልሠራውምና። ዕድሜውን ሁሉ እየሠራው ይኖራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ሰው ሲሞት ከእርሱ የሚቀረው፥ ሰዎች ስሙን በጠሩ ጊዜ የሚያስታውሱት ሥራው ነው።